ሰርተፊኬቱ ታድሷል፣ ሳይቱ ግን አይከፈትም፦ የሰርቨር ሰርተፊኬት ችግርን ደረጃ በደረጃ መፍታት

ሰርተፊኬቱን፣ ማለትም ሰርቨራችሁ ትክክለኛው መሆኑን ለብራውዘር የሚያረጋግጠውን ፋይል፣ አድሳችኋል። አዲሱ ፋይል ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ብራውዘሩ ግን አሁንም ማስጠንቀቂያ ያሳያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጥና ያገኘውን ሁሉ መነካካት ይጀምራል። ሌላ ሰርተፊኬት ያወጣል፣ ኮንፊግ ፋይሉን ይለውጣል፣ ሰርቨሩን አጥፍቶ ያስነሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዱ ችግር ሦስት ሆኖ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል አትመኑ። ሰርቨሩ ለጎብኚ የሚሰጠውን ሰርተፊኬት እዩ። ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ ነው ሰውን ሌሊቱን ሙሉ የሚያለፋው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

መመሪያው ሊኑክስ ላይ ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቺ የሚባሉትን የዌብ ሰርቨር ፕሮግራሞች ለምታሠሩ ነው። ለሜይል ሰርቨርም አካሄዱ ያው ነው። የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡት አስቀምጫለሁ፤ ተርሚናል ላይ የምትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የስህተቱን መልዕክት ቃል በቃል ቅዱ። «አይሠራም» ብቻ ማለት ለማንም አይጠቅምም። ክሮም ላይ ከማስጠንቀቂያው ሥር ኮድ አለ፤ እሱን ፈልጉ። «ዴት ኢንቫሊድ» የሚል ካለበት ጉዳዩ የቀን ነው፤ ደረጃ 1 እና 3ን በደንብ አንብቡ። «ኮመን ኔም ኢንቫሊድ» ካለ የስም ጉዳይ ነው፤ እሱም ደረጃ 3 ላይ አለ። «ኦቶሪቲ ኢንቫሊድ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሰንሰለቱ ጎድሏል፤ ደረጃ 4 ነው። «ቨርዥን ኦር ሳይፈር ሚስማች» ካለ ደረጃ 7 ነው። ኮዱ የት ላይ ጊዜ መስጠት እንዳለባችሁ ይጠቁማል። ደረጃ 2ን ግን ማንም እንዳይዘለው።

ቀጥሎ ባካፕ። የኮንፊግ ማውጫውንና የሰርተፊኬት ማውጫውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ የማውጫው ስም ላይ ቀኑን ጻፉበት። ባካፑን ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ብቻ እንዲያነበው አድርጉ። ውስጡ ፕራይቬት ኪይ፣ ማለትም የሰርተፊኬቱ ጥንድ የሆነው ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ አለና። ሁለተኛ የኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨሩ ውስጥ የምትገቡበት) መስኮትም ከፍታችሁ ተዉት። አንዱ ቢቋረጥ ሌላው ያድናችኋል።

ሦስት ነገር ደግሞ አታድርጉ።

ፕራይቬት ኪዩን በኢሜይልም ሆነ በቴሌግራም ለማንም አትላኩ። የሚረዳችሁ ሰው ሰርተፊኬቱን ቢያይ ይበቃዋል፤ እሱ ድሮም ለሁሉም የሚታይ ነው። ኪዩን ካልላካችሁ አልረዳም የሚል ሰው ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ማረጋገጫውን ማጥፋትን እንደ መፍትሔ አትቁጠሩት። ከርል (ድረ ገጽን ከተርሚናል የሚጠራ ትዕዛዝ) ላይ ያለችው «ኬ» የምትባል አማራጭ ማስጠንቀቂያውን ዝም ታሰኛለች እንጂ ችግሩን አትፈታም። ፕሮግራማችሁ ውስጥ ከተረሳች ደግሞ መሃል ላይ ገብቶ ለሚያደምጥ ሰው በሩን ከፍታችሁለታል ማለት ነው።

ምክንያቱን ሳታውቁ አዲስ ሰርተፊኬት አታውጡ። ሰርተፊኬት በነፃ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ለአንድ ዓይነት የስሞች ስብስብ በ7 ቀን ውስጥ ከ5 በላይ ሰርተፊኬት አይሰጥም። አምስቱን በድንጋጤ ከጨረሳችሁ እውነተኛውን ችግር ስታገኙት ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን አረጋግጡ

ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት አለው። ሰዓቱ የተሳሳተ ማሽን ደህናውን ሰርተፊኬት «ጊዜው አልፏል» ወይም «ገና አልጀመረም» ይለዋል። ሰርቨሩ ላይ «ታይምዴትሲቲኤል» የሚለውን ትዕዛዝ አስኪዱ። ሰዓቱ ከኔትወርክ ጋር መገጣጠሙን የሚናገረውን መስመር እዩ። «ኖ» ካለ የሰዓት አገልግሎቱን አስነሱ።

የምትሞክሩበትን ኮምፒውተር ሰዓትም እዩ። ባትሪው የደከመ አሮጌ ላፕቶፕ ሲነሳ ብዙ ዓመት ወደኋላ ሊመለስ ይችላል። ከስናፕሾት የተመለሰ ቨርቹዋል ማሽንም እንዲሁ ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ደግሞም ሰርተፊኬት ላይ የሚታየው ሰዓት የግሪንዊች ነው። «ዛሬ ማታ ያበቃል» ከማለታችሁ በፊት ወደ አካባቢያችሁ ሰዓት ቀይሩት።

ደረጃ 2፦ ማን እየመለሰ እንደሆነ እወቁ

የማስተዳድረው አንድ ሳይት ነበር። ሰርተፊኬቱን አደስኩ፤ ለእኔ በደንብ ይከፈታል። ከተጠቃሚዎቹ ግን የተወሰኑት ጊዜው ያለፈበት ሰርተፊኬት እናያለን ይላሉ። የብራውዘራችሁን ካሽ አጽዱ ብዬ መለስኩላቸው። ስህተት ነበር። የሚመልሰውን ሰርተፊኬት ተከታታይ ቁጥር ከውጭ ሆኜ ደጋግሜ ሳወጣ አንዴ አዲሱ ይወጣል፣ አንዴ አሮጌው። ጎብኚዎችን ለሰርቨሮች ከሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር ጀርባ ሁለት ሰርቨር ነበር። ያደስኩት አንዱን ብቻ ነው። ተጠቃሚዎቹ ልክ ነበሩ።

እናንተም እንዲህ ሥሩ።

1. ዶሜይኑ ወደየት እንደሚያመለክት «ዲግ» በሚባለው ትዕዛዝ እዩ። የ«ኤ» ሪከርዱንም የ«ኳድ ኤ» ሪከርዱንም ጠይቁ። ሁለተኛው የአይፒ ስሪት 6 አድራሻ ነው። ሰው ሰርቨር ሲቀይር እሱን ይረሳዋል። ያኔ ግማሹ ጎብኚ ወደ አሮጌው ማሽን ይሄዳል።

2. ከሰርቨሩ ውጪ ካለ ኮምፒውተር «ኦፕንኤስኤስኤል ኤስ_ክላየንት» የሚለውን ትዕዛዝ አስኪዱ። ሁለት አማራጮች ስጡት። «ኮኔክት» ከሚለው ቀጥሎ አድራሻውንና ፖርት 443ን፣ «ሰርቨርኔም» ከሚለው ቀጥሎ የዶሜይኑን ስም ጻፉ።

3. ከአንድ በላይ አይፒ ካለ «ኮኔክት» ላይ እያንዳንዱን አይፒ በየተራ አስገቡ። «ሰርቨርኔም» ላይ ያለውን ስም አትንኩት።

4. የተመለሰውን ሰርተፊኬት ወደ «ኦፕንኤስኤስኤል ኤክስ509» አስተላልፉና ተከታታይ ቁጥሩን «ሲሪያል» በሚለው አማራጭ አውጡ። ዲስክ ላይ ላለው ፋይልም ያንኑ አድርጉ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ።

ቁጥሮቹ ከተለያዩ ችግሩ ሰርተፊኬቱ ውስጥ አይደለም። ወይ ሰርቨሩ አዲሱን ፋይል አላነበበም፣ ወይ የሚመልሰው ሌላ ማሽን ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ደረጃ 6 ላይ ይፈታል። ቁጥሮቹ አንድ ከሆኑ ወደ ደረጃ 3 ቀጥሉ።

«ሰርቨርኔም»ን ለምን እንዲህ አጠብቃለሁ? በአንድ አይፒ ላይ ብዙ ሳይቶች ሲኖሩ ሰርቨሩ የትኛውን ሰርተፊኬት እንደሚሰጥ የሚመርጠው ጎብኚው በላከው ስም ነው። ይህ ኤስኤንአይ ይባላል። ስሙን ካልላካችሁ የመጀመሪያውን ወይም የዲፎልቱን ሳይት ሰርተፊኬት ታገኙና የሌለ ችግር ስታሳድዱ ትውላላችሁ።

ትዕዛዙ ውጤቱን አሳይቶ ዝም ብሎ ቢቆም አልተበላሸም። እናንተ የሆነ ነገር እንድትጽፉ እየጠበቀ ነው። ኮንትሮልና ሲን ተጭናችሁ ውጡ።

«ሮንግ ቨርዥን ነምበር» የሚል ስህተት ከመጣ ስለ ስሪት የሚያወራ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ያንኳኳችሁት ፖርት ምስጠራ የሌለው ተራ ግንኙነት ነው የሚጠብቀው። ሜይል ላይ ፖርት 587 እንዲህ ነው። በተራ ግንኙነት ተጀምሮ ኋላ ወደ ምስጠራ ይቀየራል። ለእሱ «ስታርትቲኤልኤስ» የሚለውን አማራጭ ከ«ኤስኤምቲፒ» ጋር ጨምሩ። ፖርት 465 እና 993 ግን ከመጀመሪያው የተመሰጠሩ ናቸው፤ አማራጩን አይፈልጉም።

ደረጃ 3፦ ቀኑንና ስሙን አንብቡ

«ኤክስ509» ላይ «ዴትስ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። «ኖት ቢፎር» መጀመሪያው፣ «ኖት አፍተር» ማብቂያው ነው። ካለፈ አለፈ፤ ወደ ደረጃ 8 ሂዱ።

ስሙን ስትፈልጉ «ኮመን ኔም» ላይ አትቁሙ። ክሮም ከስሪት 58 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ እሱን አያየውም። የሚያየው «ሰብጀክት ኦልተርኔቲቭ ኔም» የሚለውን ዝርዝር ነው። ዶሜይናችሁ እዚያ ውስጥ በትክክል መኖር አለበት። በሦስት ደብልዩ የሚጀምረውና ያለ እሱ ያለው ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሁለቱም ይጻፉ።

ኮከብ ያለበት ዋይልድካርድ ሰርተፊኬትም ሰው እንደሚያስበው ሁሉን አይሸፍንም። ኮከቧ የምትተካው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ከዶሜይኑ በፊት አንድ ስም ያለውን ትሸፍናለች። ሁለት ስም ያለውን አትሸፍንም። ዋናውን ዶሜይን ብቻውንም አትሸፍንም።

ስሙ ከጎደለ ፋይል በመጠጋገን አይስተካከልም። ስሞቹን ሁሉ ዘርዝራችሁ አዲስ ሰርተፊኬት ማውጣት አለባችሁ። ይህ ብቻ ነው መንገዱ።

ደረጃ 4፦ ሰንሰለቱን ፈትሹ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ቀስ እያላችሁ አንብቡ።

ብራውዘር የእናንተን ሰርተፊኬት በቀጥታ አያምነውም። የሚያምነው ራሱ ጋ ያሉትን፣ ሩት የሚባሉትን የሰርተፊኬት ሰጪዎች ዋና ሰርተፊኬቶች ነው። በእናንተና በሩቱ መሃል ኢንተርሚዲየት የሚባል አገናኝ አለ። ያንን አገናኝ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ሰርቨራችሁ ነው። «ኤስ_ክላየንት» «ሰርተፊኬት ቼይን» በሚለው ርዕስ ሥር ይህን በቁጥር ያሳያችኋል። ጤነኛ ሰንሰለት ይህን ይመስላል፦

0 ኤስ፦ የእናንተ ዶሜይን
   አይ፦ ኢንተርሚዲየት
1 ኤስ፦ ኢንተርሚዲየት
   አይ፦ ሩት

«ኤስ» ባለቤቱ፣ «አይ» ፈራሚው ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ የላይኛው «አይ» ከሥሩ ካለው «ኤስ» ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥር 0 ብቻ ካያችሁ ኢንተርሚዲየቱ የለም።

ከዚያ «ቬሪፋይ ሪተርን ኮድ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። 0 ከሆነ ሰንሰለቱ ደህና ነው። 10 ጊዜው አልፏል ማለት ነው። 18 ሰርተፊኬቱ ራሱን በራሱ የፈረመ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ሲጫን አብሮ የመጣው የሙከራ ሰርተፊኬት ነው። 20 ወይም 21 ካያችሁ ፈራሚው አልተገኘም፤ መጀመሪያ የጎደለ ኢንተርሚዲየት ፈልጉ። ሰንሰለቱ ሙሉ ሆኖ 20 ከመጣ ግን የምትሞክሩበትን ማሽን ጠርጥሩ። ትንንሽ ኮንቴይነሮች ውስጥ የሩት ሰርተፊኬቶች ጥቅል ጨርሶ ላይኖር ይችላል።

«እኔ ላፕቶፕ ላይ እኮ ይሠራል» የሚባለውም ከዚሁ የሚመጣ ነው። የኮምፒውተር ብራውዘሮች የጎደለውን ኢንተርሚዲየት ራሳቸው ሊያመጡት ወይም ከዚህ በፊት ያዩትን ሊጠቀሙ ይችላሉ። ከርል፣ ፓይተንና ብዙ የሞባይል አፖች ግን ይህን አያደርጉም። ስለዚህ የብራውዘሩን ቁልፍ ምልክት አይታችሁ ጨርሻለሁ አትበሉ። መፈተኛችሁ «ኤስ_ክላየንት» ይሁን።

ማስተካከያው እንዲህ ነው።

1. ሰርትቦት የሚባለውን ሰርተፊኬት አውጪና አዳሽ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ኮንፊጉ «ሰርት» ወደሚለው ሳይሆን «ፉልቼይን» ወደሚለው ፋይል ማመልከቱን እዩ። ግማሹ ችግር እዚህ ያልቃል።

2. ሰርተፊኬቱን ገዝታችሁ ከሆነ ሰጪው የላከውን ኢንተርሚዲየት ከሰርተፊኬታችሁ ሥር በአንድ ፋይል ቀጥሉ። የእናንተ መጀመሪያ፣ ኢንተርሚዲየቱ ቀጥሎ። ሩቱን መጨመር አያስፈልግም።

3. የተቀጠለውን ፋይል ከፍታችሁ መገጣጠሚያውን በዓይናችሁ እዩ። የመጀመሪያው ፋይል መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ከሌለ «ኤንድ» የሚለው መዝጊያና «ቢጊን» የሚለው መክፈቻ በአንድ መስመር ላይ ይጣበቃሉ። ያኔ ሰርቨሩ ፋይሉን ማንበብ አይችልም። መሃላቸው ገብታችሁ ኢንተር ተጫኑ።

4. አፓቺ ከ2.4.8 ጀምሮ ሰንሰለቱን ከሰርተፊኬቱ ጋር በአንድ ፋይል ይቀበላል። ለቼይን ተለይቶ የሚጻፈው የድሮ መስመር አያስፈልግም። ከቀረ ግን ወደ አሮጌ ፋይል እያመለከተ እንዳይሆን ፈትሹ።

ሰንሰለቱ ሙሉ ሆኖ አሮጌ መሣሪያዎች ብቻ እምቢ ካሉ ችግሩ የእነሱ የሩት ዝርዝር ነው። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬቶች ይደገፉበት የነበረ አንድ አሮጌ ሩት ጊዜው አበቃ። ያን ቀን ኦፕንኤስኤስኤል 1.0.2 ያላቸው ብዙ ማሽኖች ምንም ችግር የሌለበትን ሰንሰለት መቀበል አቆሙ። የሰርቨሮቹ ባለቤቶች ምንም አልነኩም ነበር። እንዲህ ሲገጥም የሚታደሰው ጎብኚው ማሽን ላይ ያለው ጥቅል ነው። ጃቫ ደግሞ «ሲኤሰርትስ» የሚባል የራሱ ማስቀመጫ አለው። ሲስተሙን ብታድሱትም የጃቫው ፕሮግራም ላይሰማ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ኪዩና ሰርተፊኬቱ ጥንድ ናቸው?

ኤንጂንኤክስ «ኪይ ቫሊውስ ሚስማች» ብሎ አልነሳም ካለ ኪዩ የሌላ ሰርተፊኬት ነው። ለማረጋገጥ ከሰርተፊኬቱ የፐብሊክ ኪዩን «ኤክስ509» ላይ «ፐብኪይ» በሚለው አማራጭ አውጡ። ከፕራይቬት ኪዩም «ኦፕንኤስኤስኤል ፒኪይ» ላይ «ፐብአውት» በሚለው አውጡ። ሁለቱ ጽሑፎች ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለባቸው።

ብዙ የቆዩ መመሪያዎች «ሞጁለስ» አስተያዩ ይላሉ። እሱ የሚሠራው ለአርኤስኤ ኪይ ብቻ ነው። ሰርትቦት ከስሪት 2.0 ወዲህ ካልነገራችሁት በቀር የሚያወጣው ኢሲዲኤስኤ የሚባል ሌላ ዓይነት ኪይ ነው። ስለዚህ የላይኛውን መንገድ ልመዱ፤ ለሁለቱም ይሠራል።

ጥንድ ካልሆኑ ባካፑ ውስጥ ትክክለኛውን ኪይ ፈልጉ። ከጠፋ ከሰርተፊኬቱ ላይ መልሶ ማውጣት አይቻልም። አዲስ ኪይ ፍጠሩ፣ በእሱም አዲስ ሰርተፊኬት አውጡ።

ኪዩ ትክክል ሆኖ ሰርቨሩ ማንበብ ካልቻለስ? ፈቃዱን እዩ፦ ባለቤቱ ሩት፣ ፈቃዱ 600 ይሁን። ፋይሉን ከሌላ ማውጫ አንቀሳቅሳችሁ ከሆነና ኤስኢሊኑክስ የሚባለው የሊኑክስ ጥበቃ ካለ አሮጌውን መለያ ይዞ ይመጣል። «ሪስቶርኮን» የሚለው ትዕዛዝ ያስተካክለዋል። ኪዩ የይለፍ ቃል ካለበት ደግሞ ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል፤ ሌሊት ብቻውን ሲነሳ ደጅ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ ፈትሹ፣ ሪሎድ አድርጉ፣ እንደገና እዩ

ኤንጂንኤክስ ፋይሉን የሚያነበው ሲነሳና ሪሎድ ሲደረግ (ሳይጠፋ ኮንፊጉን እንደገና ሲያነብ) ነው። ዲስኩ ላይ ፋይል ስለቀየራችሁ ብቻ ምንም አይለወጥም።

1. ኮንፊጉን ፈትሹ። ኤንጂንኤክስ ላይ «ቲ» የምትለው አማራጭ፣ አፓቺ ላይ «ኮንፊግቴስት» ናቸው።

2. ስህተት ካለ እዚሁ ቁሙ። ሪሎድም ሪስታርትም አታድርጉ። ኮንፊጉ የተበላሸ ሰርቨር ሪስታርት ከተደረገ አይነሳም። እስካሁን በአሮጌው ሰርተፊኬትም ቢሆን ቆሞ የነበረው ሳይት ጭራሹን ይወድቃል።

3. ንጹሕ ከሆነ ሪሎድ አድርጉ። ሪስታርት አያስፈልግም።

4. ወደ ደረጃ 2 ተመልሳችሁ ተከታታይ ቁጥሩን እንደገና አስተያዩ።

አሁንም አሮጌው ከወጣ ኮንፊጉ የሚያነበው ሌላ ፋይል ነው። ኤንጂንኤክስ ላይ በትልቁ «ቲ» ሙሉውን ኮንፊግ አውጡና «ኤስኤስኤል_ሰርተፊኬት» የሚሉትን መስመሮች ሁሉ ፈልጉ። ሰርትቦት ላይ በተለይ ይህን ተጠንቀቁ፦ የስሞቹን ዝርዝር ለውጣችሁ ስታወጡ አንዳንዴ የዶሜይኑ ስም መጨረሻ ላይ 0001 የሚል የተቀጠለበት አዲስ ማውጫ ይፈጥራል። አዲሱ ሰርተፊኬት እዚያ ይገባል፤ ኮንፊጉ ግን አሮጌውን ማውጫ ማየቱን ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ የቲኤልኤስ ስሪት

ሰርተፊኬቱ ደህና ሆኖ ግንኙነቱ ገና ሲጀመር ከተቋረጠ ሁለቱ ወገኖች በቲኤልኤስ፣ ማለትም ግንኙነቱን በሚመሰጥረው ፕሮቶኮል፣ ስሪት አልተግባቡም። ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 ከማርች 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ የተሻሩ ናቸው። ሰርቨሩ ላይ 1.2 እና 1.3 ክፍት ይሁኑ። «ኤስ_ክላየንት» ላይ የስሪቱን አማራጭ እየሰጣችሁ አንድ በአንድ ሞክሩ። ለአንድ አሮጌ መሣሪያ ተብሎ 1.0ን ለሁሉም መክፈት ተገቢ አይመስለኝም። መሣሪያው ይታደስ።

ደረጃ 8፦ እድሳቱ ለምን ከሸፈ?

የሌትስ ኢንክሪፕት የተለመደው ሰርተፊኬት ለ90 ቀን ነው የሚያገለግለው። ማብቂያው ላይ ከደረሳችሁ እድሳቱ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ሲከሽፍ ቆይቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ሎጉን አንብቡ። ከዚያ «ሰርትቦት ሪኒው»ን «ድራይ ረን» ከሚለው አማራጭ ጋር አስኪዱ። ይህ በሌትስ ኢንክሪፕት የሙከራ ሰርቨር ስለሚሄድ ኮታችሁን አይበላም።

ከከሸፈ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ።

1. ፖርት 80 ከውጭ ክፍት ነው? በኤችቲቲፒ የሚደረገው ማረጋገጫ የሚጀምረው በእሱ ነው። «ሁሉም ነገር 443 ላይ ነው» ብሎ ፋየርዎሉ ላይ 80ን የዘጋ ሰው እድሳቱንም አብሮ ዘግቷል።

2. «ኳድ ኤ» ሪከርዱ ትክክል ነው? ካለ ሌትስ ኢንክሪፕት መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

3. ዲኤንኤሱ ላይ «ሲኤኤ» ሪከርድ፣ ማለትም ሰርተፊኬት መስጠት የሚፈቀድላቸውን የሚዘረዝር፣ አለ? ካለና የሰርተፊኬት ሰጪያችሁ ስም ካልተጻፈበት ሰጪው እምቢ ይላል።

4. ዋይልድካርድ ነው? ከሆነ በኤችቲቲፒ ማረጋገጥ አይቻልም፤ በዲኤንኤስ ሪከርድ ነው የሚረጋገጠው። ሪከርዱን በእጃችሁ እየጻፋችሁ ካወጣችሁት በራሱ አይታደስም።

ማረጋገጫው ለአንድ ስም በሰዓት 5 ጊዜ ከከሸፈ ትታገዳላችሁ። ስለዚህ እያስተካከላችሁ በሙከራው ሰርቨር ላይ ብቻ ሞክሩ።

እድሳቱ ከተሳካ «ዲፕሎይ ሁክ» (ሰርትቦት ከእድሳት በኋላ የሚያስኬደው ትዕዛዝ) ላይ የሪሎድ ትዕዛዙን አስገቡ። ይህ ካልተደረገ ፋይሉ በየጊዜው ይታደሳል፣ ሰርቨሩ ግን አሮጌውን ይዞ ይቀመጣል። መግቢያው ላይ ያልኩት ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ሰርተፊኬት ገዝታችሁ በእጅ የምታድሱ ከሆነም ወደ አውቶማቲክ እድሳት ለመሄድ አሁኑኑ ተዘጋጁ። የሰርተፊኬት ሰጪዎችና የብራውዘር ሠሪዎች ፎረም በኤፕሪል 2025 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ረጅሙ ዕድሜ ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ 200 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2027 ጀምሮ 100 ቀን፣ ከማርች 15 ቀን 2029 ጀምሮ ደግሞ 47 ቀን ይሆናል። በ47 ቀን አንዴ ፋይል በእጅ መገልበጥ አያዛልቅም። አንዱን ትረሳላችሁ።

በመጨረሻ ከሰርቨሩ ውጪ ባለ ሌላ ማሽን ላይ በየቀኑ የሚሄድ ትንሽ ስክሪፕት አስቀምጡ። የደረጃ 2ን ትዕዛዝ በእያንዳንዱ አይፒ ላይ ያስኪድ፣ «ኖት አፍተር»ን ያንብብ፣ 14 ቀን ሲቀረው መልዕክት ይላክላችሁ። የሚያነበው ፋይሉን ሳይሆን ሰርቨሩ የሚሰጠውን ሰርተፊኬት መሆኑን ደግማችሁ አረጋግጡ።